የጀርባውን በር ከፍቶ መሸጥ

(ይህ ጽሑፍ ሜሪላንድ ውስጥ ያገለገሉ ኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎችን ለሚጠግኑ ወገኖች ያቀረብኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ትንሽ አስተካክዬዋለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ፣ ወገኖቼ። የእረፍት ቀናችሁን ሰጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ብዙዎቻችሁ ቲቪና አምፕሊፋየር ትጠግናላችሁ። ጥቂቶቻችሁ ደግሞ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የድሮ አርኬድ ማሽን (ሳንቲም እየተከተተ የሚጫወቱበት ትልቅ የቪዲዮ ጨዋታ ማሽን) እየገዛችሁ፣ እያደሳችሁ መሸጥ ጀምራችኋል። ሥራችሁን አይቼዋለሁ፤ እጃችሁ ጎበዝ ነው። ሽያጩ ላይ ግን ብዙ የምንነጋገረው አለ። ወራት የፈጀ ጥገና በአንድ ከሰዓት በኋላ ሽያጭ ሲበላሽ ማየት ያንገበግበኛል።

ዛሬ ይዤ የመጣሁት ሐሳብ አጭር ነው። ገዢ ሲመጣ የማሽኑን የጀርባ በር ክፈቱለት። ያደሳችሁትንም ያልነካችሁትንም አሳዩት። ኮፈኑን ሳያስከፍት ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሐበሻ አይቼ አላውቅም። አርኬድ ማሽን ግን ከፊት ብቻ ታይቶ ይሸጣል። መብራቱ ቦግ ይላል፣ ሞተሩ ያጓራል፣ ብር ይቆጠራል። ጣጣው የሚመጣው ማሽኑ ቤት ከገባ በኋላ ነው።

እዚህ ጥጉ ላይ የምታዩት ፖል ፖዚሽን የሚባለው የመኪና ውድድር ጨዋታ ነው። በእሱ ላይ እያሳየሁ ላስረዳ። ጨዋታውን የሠራው የጃፓኑ ኩባንያ ናምኮ ነው። ዓመቱ 1982። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው። አሜሪካ ውስጥ አታሪ የሚባለው የጨዋታ ኩባንያ ፈቃድ ወስዶ በራሱ ካቢኔት (የማሽኑ ሳጥን) አወጣው። በ1983 በዚህ አገር አርኬዶች ውስጥ ከሁሉም በላይ ገቢ ያስገባው ጨዋታ እሱ ነበር። አታሪ ከ20 ሺህ በላይ ማሽን ሸጧል።

ይህ ቁጥር ለሻጭ ብዙ ይናገራል። ማሽኑ ብርቅ አይደለም ማለት ነው። ብርቁ በደንብ የሚሠራው ነው። ስለዚህ ማስታወቂያችሁ ላይ «በዓለም ላይ የቀረ የመጨረሻው» ምናምን ብትሉ ማንም አያምናችሁም። «ቦርዱ የራሱ ነው፣ ስክሪኑ የራሱ ነው፣ ለአራት ሰዓት ሳይጠፋ ይሠራል» ብትሉ ግን ስልካችሁ ይጮኻል።

ለመሆኑ የሚገዛው ማነው? አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜው 50ን የተሻገረ ሰው ነው። ልጅ እያለ በኳርተር፣ በ25 ሳንቲም፣ የተጫወተው። ጨዋታው ውስጥ ያለው መንገድ ጃፓን የሚገኘው እውነተኛው የፉጂ ስፒድዌይ የመኪና ውድድር ሜዳ ነው። መጀመሪያ አንድ ዙር ማጣሪያ ትነዳላችሁ። ሰዓቱን ካሟላችሁ ከስምንቱ መነሻ ቦታዎች አንዱ ይሰጣችሁና ወደ ውድድሩ ትገባላችሁ። ከመኪናው ጀርባ ሆኖ መንገዱን እያዩ መንዳትን ያስለመደው ይህ ጨዋታ ነው። ዛሬ ልጆቻችሁ ስልካቸው ላይ የሚነዱት በዚያው ዓይን ነው። ይህንን ታሪክ እወቁት። ገዢው ስለ ማሽኑ ሲያወራችሁ አብራችሁ ማውራት አለባችሁ። ማሽኑን የማይወድ ሻጭ ያስታውቃል።

ሌሎች ገዢዎችም አሉ። አርኬድ ያለው መጠጥ ቤት የከፈተ ሰው አለ። እሱ የሚፈልገው ቅዳሜ ማታ የማይበላሽ ማሽን ነው፤ የጎኑ ሥዕል የመጀመሪያው ይሁን አይሁን ግድ የለውም። ሰብሳቢም አለ። እሱ ደግሞ የእጅ ባትሪ ይዞ ይመጣና እያንዳንዱን ብሎን ያያል። ለሦስቱም ግን የምታሳዩት ያንኑ ነው። በሩን ትከፍታላችሁ።

ወደ ውስጥ ከመግባታችን በፊት ከፊት ለፊት የሚያጣሉ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ፍሬን ነው። ፖል ፖዚሽን በሁለት ዓይነት ወጥቷል። አንዱ ቁጭ ብለው የሚጫወቱበት ነው፤ ነዳጅም ፍሬንም አለው። ሌላው እንደዚህኛው ቆመው የሚጫወቱበት ነው። ይሄኛው ነዳጅ ብቻ ነው ያለው፤ ድሮም ፍሬን አልነበረውም። ይህን የማያውቅ ገዢ «አንዱን ፔዳል አውጥተህ ሸጥክብኝ» ብሎ ይጣላል። ሁለተኛው መሪው ነው። ይህ መሪ ማቆሚያ የለውም። ዙሩ ብትሉት ይዞራል፣ ይዞራል። የተሰበረ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ከስር ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ክብ ዲስክ አለ፤ በብርሃን ነው የሚነበበው። አሠራሩ እንደዚያ ነው። ገዢው መሪውን ሳይነካ በፊት ሁለቱንም ንገሩት።

እሺ፣ አሁን ከኋላ እንክፈተው። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ የማሽኑ ዋጋ የሚወሰነው እዚህ ነው።

ይሄ የምታዩት ቦርድ፣ ቺፖቹ የተሰኩበት ሰሌዳ፣ ለዘመኑ ትልቅ ነገር ነበር። ሁለት ዜድ8002 የሚባሉ ባለ 16 ቢት ፕሮሰሰሮች አሉት፤ አንድ ዜድ80 ደግሞ አለ። ከእነሱ ሌላ ናምኮ ለራሱ ብቻ ያሠራቸው ቺፖች አሉ። እነዚያ ዛሬ አይመረቱም። አንዳንዶቹን አፍቃሪዎች አስመስለው ሠርተዋቸዋል። አስመስሎ የተሠራ ቺፕ መጠቀም ነውር የለውም። መደበቁ ነው ነውሩ። የትኛው ቺፕ እንደተቀየረ በወረቀት ላይ ጻፉት።

ይህ ሁሉ ቺፕ ብዙ ኤሌክትሪክ ይበላል። የሚፈልገው 5 ቮልት ነው፤ ከ4.75 ቢወርድ ወይም ከ5.25 ቢያልፍ ያኮርፋል። ኤሌክትሪኩ ወደ ቦርዱ የሚገባው በቦርዱ ጠርዝ ላይ በሚሰካው ማገናኛ ነው። የፖል ፖዚሽን ትልቁ በሽታ ይኼ ማገናኛ ነው። ከ40 ዓመት በላይ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ ኖሯል። የሚገናኙበት ብረቶች ይጠቁራሉ። የጠቆረ ብረት ኤሌክትሪክ በደንብ አያሳልፍም፤ ያልተላለፈው ሙቀት ይሆናል። ሙቀቱ ደግሞ ብረቱን የባሰ ያጠቁረዋል። መጨረሻ ላይ ፕላስቲኩ ራሱ ይቃጠላል።

አሁን አንድ መጥፎ ልማድ ልንገራችሁ። ቦርዱ 5 ቮልት አልደረሰው ሲል አንዳንድ ጠጋኝ ማገናኛውን አይቀይርም። አታሪ ድምፅ ማጉያውንና ቮልቴጅ መቆጣጠሪያውን አንድ ላይ ያደረገበት ቦርድ አለ። እዚያ ላይ ትንሽ ማስተካከያ አለች። እሷን ጠምዝዞ ቮልቴጁን ከፍ ያደርገዋል። ማሽኑ ይነሳል። ስክሪኑ ያበራል። ቪዲዮ ተቀርጾ ይለጠፋል፣ ይሸጣል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ማገናኛው ይቃጠላል። ገዢው ቤት፣ ልጆች አጠገብ።

ይህንን ነገር አታድርጉ። ማገናኛውን ቀይሩት፣ የቦርዱን ጠርዝ አጽዱት፣ ካስፈለገ አዲስ ብረት አስለብሱት። ከዚያ ገዢው ፊት መልቲሜትር፣ የቮልት መለኪያውን፣ አውጡ። መጀመሪያ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ፓወር ሰፕላይ ላይ ለኩ፣ ቀጥሎ ቦርዱ ላይ ለኩ። ሁለቱ ቁጥሮች ከተቀራረቡ ማገናኛው ጤነኛ ነው። ከተራራቁ መሀል ላይ የሚበላ ነገር አለ። አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። እኔ እስከማውቀው ከዚህ ልኬት በላይ ገዢን የሚያረጋጋ ነገር የለም። ኤሌክትሮኒክስ የማያውቅ ሰው እንኳ ሁለት ቁጥር ማወዳደር ያውቃል።

ታች ያለው ከባዱ ሳጥን ፓወር ሰፕላዩ ነው። እዚያ ላይ ያለችው ትልቅ ሰማያዊ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የምታጠራቅም ዕቃ) በዚህ ሙያ ሁሉም የሚያውቃት ናት። «ቢግ ብሉ» ይሏታል። ዕድሜዋን ጨርሳ ከሆነ ድምፁ ውስጥ እምምም የሚል ነገር ይገባል፣ ማሽኑም ያለምክንያት እየጠፋ ይነሳል። ሳትቀይሩ አትሽጡ። የፊውዞቹንም ልክ አረጋግጡ። በፊውዝ ቦታ ሽቦ የታሰረበት ማሽን ገጥሞኝ ያውቃል።

ስክሪኑ የድሮው ከኋላ የሚያብጠው የመስታወት ቱቦ ነው። ሁለት ነገር አሳዩ። አንደኛ፣ ማሽኑን አጥፉና በእጅ ባትሪ መስታወቱን አሳዩት። ለዓመታት አንድ ቦታ የቆመ ጽሑፍ መስታወቱ ላይ ይታተማል። ያ ጠባሳ አይለቅም። ካለ አለ በሉ። ሁለተኛ፣ የሞኒተሩ ካፓሲተሮች መቀየራቸውን ንገሩት። የቱቦው ከፍተኛ ቮልቴጅ ወደ 20 ሺህ ቮልት ይጠጋል። ማሽኑ ከተነቀለ በኋላም ቱቦው ውስጥ ይቀራል። በሩን ስትከፍቱ ልጅ አጠገባችሁ እንዳይቆም። ገዢውም እጁን ወደዚያ እንዳይሰድ። ለማሳየት መክፈትና ማስነካት ይለያያሉ።

እንጨቱን ቶሎ ልለፈው። ከታች ውኃ የጠጣ ቺፑድ ያብጣል፣ ይፈረፈራል። ከሥር ኮምፔንሳቶ ቆርጣችሁ ከተካችሁ ፎቶውን አስቀምጡ። የጎን ሥዕሎቹ ዛሬ እንደ አዲስ ታትመው ይሸጣሉ። እኔ ግን የመጀመሪያው ሥዕል ትንሽ የተጫረ ቢሆንም ባይነካ ደስ ይለኛል። ብዙ ሰብሳቢም እንደዚያ ነው። የደመቀ አዲስ ስቲከር የምትለጥፉት የድሮው ጨርሶ ከጠፋ ብቻ ነው።

ስለ ትንንሽ ዕቃዎች ግን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በ1976 አታሪ ናይት ድራይቨር የሚባል ጨዋታ አወጣ። በጨለማ የሚነዳ፣ ነጭ ምሰሶዎች ብቻ የሚታዩበት። የምትነዱት መኪና በኮምፒውተሩ አይሣልም። ስክሪኑ ፊት የተለጠፈ የፕላስቲክ ሥዕል ነው። ያ ፕላስቲክ ከጠፋ ጨዋታው መኪና የለውም! በ1989 የወጣው ሃርድ ድራይቪን ደግሞ ፍሪሲዮንና እንደ እውነተኛ መኪና የሚዞር ቁልፍ አለው። የሴጋ አውትረን በ1986 ሲወጣ ትልቁ ካቢኔት በሞተር ይወዛወዝ ነበር። ሞተሩ የማይሠራ አውትረን እንደ ማንኛውም ወንበር ነው። እያንዳንዱ ማሽን የራሱ ነፍስ የሆነች ዕቃ አለችው። እሷን ለይታችሁ እወቁ፤ ማስታወቂያችሁ ላይም በመጀመሪያ ስለ እሷ ጻፉ።

አሁን ዋጋ። እዚህ ላይ አታሪን ራሱን ልጥቀስ። በ1974 ግራን ትራክ 10 የሚባል ጨዋታ አወጣ። መሪ፣ ማርሽ፣ ነዳጅና ፍሬን ያለው፣ ለዚያ ጊዜ ጉድ የሚያሰኝ ማሽን ነበር። በ995 ዶላር ሸጡት። ለካ አንዱን ለመሥራት 1,095 ዶላር ይፈጅ ነበር። ሂሳቡ ተሳስቶ ነው። ማሽኑ ተፈላጊ ስለነበር ብዙ ሸጡ፤ በሸጡ ቁጥር 100 ዶላር ከኪሳቸው ይወጣል። ድርጅቱን ክፉኛ ጎድቶታል።

እናንተም የወጪ ደብተር ያዙ። ማሽኑን የገዛችሁበት፣ ያመጣችሁበት መኪና ኪራይ፣ ካፓሲተር፣ ማገናኛ፣ ቀለም፣ ሁሉም ይግባ። ይህ ወለላችሁ ነው፤ ከዚህ በታች አትሸጡም። የመሸጫ ዋጋውን የሚወስነው ግን ገበያው ነው። ሰው የጠየቀውን ዋጋ አትዩ፤ የተከፈለውን እዩ። ጨረታ ላይ ተሸጠው ያለቁትን ፈልጉ። ማንም ሰው ማስታወቂያ ላይ የፈለገውን ቁጥር መጻፍ ይችላል። ደግሞም «በጣም ደክሜበታለሁ» ዋጋ አይሆንም። ድካማችሁን አከብራለሁ፣ የኔም ድካም ነው። ገዢው የሚከፍለው ግን ለሚያገኘው ነው። ድካማችሁ ዋጋ የሚያገኘው በሩ ተከፍቶ ከኋላ ሲታይ ነው።

ማስታወቂያው ላይ ፎቶ አትሰስቱ። የፊቱን፣ የጎኖቹን፣ የሥሩን፣ የሲሪያል ቁጥሩን፣ ከሁሉም በላይ የኋላውን አንሱ። ጉዳት ያለበትን ቦታ ቀረብ ብላችሁ አንሱ። ቪዲዮው ማሽኑ ቀዝቃዛ እያለ ይጀምር። ገና ሲነሳ የሚያስቸግር ማሽን ከሞቀ በኋላ ደህና ሊመስል ይችላል። ሳንቲም መግቢያው በር ውስጥ የመፈተሻ ማብሪያ አለ። እሱን አብሩና የራሱን ፍተሻ ሲያደርግ ቅረጹት። ከዚያ አንድ ዙር ንዱ።

ገዢው ሲመጣ ይጫወት። ሰዓት አትቁጠሩበት። ቡና አፍሉለት፣ ማሽኑ ሲሞቅ አብራችሁ አውሩ። «የመጨረሻው ስንት ነው?» ማለቱ አይቀርም። በሰላም ተከራከሩ። ሳይወስድ ያዙልኝ ካለ ቀብድ ተቀበሉና በጽሑፍ አድርጉት፤ እስከ መቼ እንደሚቆይለት፣ ባይመጣ ቀብዱ ምን እንደሚሆን። ከዋጋው በላይ ቼክ ልኮ «ትርፉን መልሱልኝ» የሚል ሌባ ነው። ስልካችሁ ላይ የደረሰ ኮድ ንገሩኝ የሚልም እንደዚሁ። ትልቅ ገንዘብ ከሆነ ባንክ ውስጥ ተገናኙ።

ስታስረክቡ ወረቀት አብሮ ይሂድ። እኔ የምሰጠው ወረቀት ላይ የተቀየረው ሁሉ አለ፣ ያልተቀየረውም አለ፣ የተለካው ቮልቴጅም አለ። ያወጣኋቸውን የድሮ ዕቃዎች በሳጥን አድርጌ እሰጣለሁ። የተቃጠለው ማገናኛ ሳይቀር። ቁልፎቹን ሁሉ እሰጣለሁ። በሚቀጥለው ጊዜ የሚጠግነው ሌላ ሰው ነው። ያ ሰው ከባዶ እንዳይጀምር ነው የማስበው። እነዚህ ማሽኖች ከእኛ በኋላም ይሸጣሉ፣ ይጠገናሉ። ወረቀቱ ከማሽኑ ጋር ከሄደ ሥራችን ከማሽኑ ጋር ይኖራል።

ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ።

አንዲት እህት «ቱቦው ከተበላሸ ጠፍጣፋ ስክሪን ብገጥምለት ዋጋው ይወርዳል ወይ?» ብላ ጠይቃኛለች። ለሰብሳቢ አዎ፣ በጣም ይወርዳል። ሥዕሉ የተሣለው ለቱቦ ነው። ጠፍጣፋው ላይ ጠርዙ ሁሉ እንደ ደረጃ ይሆናል፤ ቱቦው ግን ያለሰልሰዋል። ለመጠጥ ቤት ግን ሊያስኬድ ይችላል። አዲስ የአርኬድ ቱቦ የሚያመርት ስለሌለ አንዳንዴ ምርጫም አይኖርም። ከገጠምሽ በግልጽ ጻፊው። እንጨቱን አትቁረጪ፤ ነገ ቱቦ የሚያገኝ ሰው መልሶ እንዲገጥመው ይሁን። የድሮውን የሞኒተር ቦርድም አትጣይው።

አንድ አባት ደግሞ ወንድማቸው አዲስ አበባ ካፌ እንዳላቸውና አንዱን ልልክለት ብል ምን ላድርግ ብለዋል። ጋሼ፣ ይቻላል። የእኛ ማሽን የተሠራው ለ120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ነው። እዚያ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። በብዙ የአታሪ ማሽኖች ፓወር ሰፕላዩ ላይ የአገሩን ቮልቴጅ የሚመርጥ መሰኪያ አለ። ለ220 የሚሆነው መሰኪያ ከተገኘ እሱ ይገባል፤ ካልተገኘ ውጪ ትራንስፎርመር ይቀመጣል። ከላይ ስሙን የሚያበራው የፍሎረሰንት መብራት ባላስት (ወደ መብራቱ የሚገባውን ኤሌክትሪክ የሚቆጣጠረው ዕቃ) ለ60 ኸርዝ ስለሆነ በ50 ይሞቃል። እሱን አውጥተው ኤልኢዲ ያድርጉበት። መብራት ከፍ ዝቅ ስለሚል ስታቢላይዘር ያስፈልገዋል። ከመጫኑ በፊት ቦርዱን ያውጡና ለብቻው በደንብ ያሽጉት፤ ማሽኑ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነው የሚጓዘው። ወንድምዎም ከመላኩ በፊት የካፌውን በር ይለኩ። የማሽኑን ስፋት ዛሬ ከመሄድዎ በፊት አብረን እንለካልዎታለን፣ ሜትሩ እዚሁ አለ።